በካም የሚሠራ ኢንዴክሰር፦ አነሣሡ፣ አቋቋሙና እንክብካቤው

ኢንዴክሰር ያለማቋረጥ የሚዞርን ዘንግ ተቀብሎ በውጤቱ በኩል የተቆጠረ እርምጃና ዕረፍት የሚሰጥ ማሽን ነው። ጠርሙስ የሚሞላ፣ ክፍሎችን የሚገጣጥም፣ የሚበይድ ወይም የሚያትም ክብ ጠረጴዛ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ይህ ሳጥን አለ። ዝግ ነው፤ ዘይት የተሞላ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያለ አቤቱታ ይሠራል። ስለዚህም ይረሳል። የሚታወሰው ጠረጴዛው ቦታውን ስቶ ምርት ማበላሸት ሲጀምር ነው።

ይህ መመሪያ ማሽኑን ለሚያሠሩና ለሚጠግኑ ሰዎች የተጻፈ ነው። ሰርቮ ሞተር በቀጥታ የሚያዞረው ጠረጴዛ ጠባዩ ሌላ ስለሆነ አይካተትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ካሙ፣ ማለትም በሳጥኑ ውስጥ እየዞረ ጠረጴዛውን የሚገፋውና የሚይዘው ቅርጽ ያለው ብረት፣ አሁን የት ላይ ነው? ዕረፍት ላይ ነው ወይስ እርምጃ ላይ? የዚህ መልስ ካልታወቀ ማስነሣቱም፣ ማቆሙም፣ መለካቱም፣ መፍታቱም በግምት የሚሠራ ሥራ ይሆናል።

በሳጥኑ ውስጥ የሚሆነው

ሞተሩ የፍጥነት መቀነሻውን ያዞራል፤ መቀነሻው ደግሞ ካሙ ያለበትን የግቤት ዘንግ። ካሙ ላይ የተቀረጸው መንገድ በአንድ ክፍሉ ቀጥ ያለ፣ በሌላው ያጋደለ ነው። በውጤቱ ዘንግ ዙሪያ የተሰኩት ሮለሮች (ትናንሽ ተሽከርካሪ ጎማ መሰል ብረቶች) ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ሲሆኑ ካሙ እየዞረ ጠረጴዛው አይነቃነቅም፤ ካሙ ራሱ ቆልፎ ይዞታል። ይህ ዕረፍቱ ነው። ያጋደለው ክፍል ሲመጣ ሮለሩ ይገፋል፣ ጠረጴዛውም ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይሄዳል። ይህ እርምጃው ነው።

ለምሳሌ ከካሙ አንድ ዙር ውስጥ የእርምጃው አንግል 120 ዲግሪ ከሆነ ዕረፍቱ 240 ዲግሪ ነው። የግቤት ዘንጉ በደቂቃ 30 ዙር ቢዞር አንድ ዑደት 2 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 0.67 ሰከንዱ እርምጃ፣ 1.33 ሰከንዱ ዕረፍት ነው። ይህ ክፍፍል ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ፍጥነት ቢጨመር ሁለቱም አብረው ያጥራሉ፤ አንዱን ብቻ ማስረዘም አይቻልም። ሥራው ረዘም ያለ ዕረፍት ከፈለገ ያለው መንገድ ሞተሩን በዕረፍት መሃል አቁሞ በትዕዛዝ እንደገና ማስነሣት ነው።

እርምጃው ራሱ ሁለት ግማሽ አለው፤ ይህ ክፍል በደንብ ሊጤን ይገባል። በመጀመሪያው ግማሽ ጠረጴዛው ፍጥነት ስለሚጨምር ካሙ ጠረጴዛውን ይገፋዋል። በሁለተኛው ግማሽ ጠረጴዛው ፍጥነት መቀነስ አለበት፤ ክብደቱ ግን ወደፊት መሄድ ስለሚፈልግ አሁን ጠረጴዛው ካሙን፣ ካሙም ሞተሩን ይገፋል። የኃይሉ አቅጣጫ በእርምጃው መሃል ይገለበጣል ማለት ነው። በማስተላለፊያው ላይ የላላ ነገር ካለ የሚያንኳኳው እዚያው ላይ ነው። ብልሽትን ስንፈልግ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ከመጀመሪያው ማስነሣት በፊት

1. ሳጥኑ የሚቀመጥበት ገጽ ጠፍጣፋና የማይበገር መሆኑን ያረጋግጡ። ቡሎኖቹን ከማጥበቅዎ በፊት ከሥሩ ክፍተት እንዳለ በስስ ብረት ይፈትሹ፤ ክፍተት ካለ በልኩ ይሙሉት። ጠማማ ገጽ ላይ በኃይል የተጠበቀ ሳጥን ይጣመማል፤ ካሙና ሮለሮቹም የተስተካከለ ግንኙነታቸውን ያጣሉ።

2. ለጭነት የተገጠመውን ድፍን የዘይት ቡሽ አውጥተው በመተንፈሻ ቡሽ ይተኩ። ሳጥኑ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ዘይቱን በዘንጎቹ የመከላከያ ጎማ በኩል ይገፋዋል። አዲስ ማሽን ዘይት ሲያንጠባጥብ ጎማ ለመቀየር ከመቸኮል በፊት ይህን ቡሽ ማየት ይገባል።

3. የዘይቱን መጠን እንደ አቀማመጡ ይሙሉ። ያው ሳጥን ቆሞ፣ ተጋድሞ ወይም ተገልብጦ ሲገጠም የሚያስፈልገው መጠን የተለያየ ነው፤ ማሳያ መስኮቱና መተንፈሻውም ቦታ ይቀይራሉ።

4. የዕረፍቱን መሃል ያግኙ። በብዙ ማሽኖች ላይ በግቤት ዘንጉ የተቆረጠው የቁልፍ ቦይ (ዘንጉን ከሚያዞረው ክፍል ጋር የሚያያይዘው ብረት የሚገባበት መስመር) አቅጣጫ ይህን ያሳያል፤ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ የእርስዎ ማሽን መመሪያ ይነግርዎታል። ካገኙት በኋላ ከውጭ በሚታየው የዘንጉ ጫፍና በሳጥኑ ላይ ትይዩ ምልክት ያድርጉ። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ማሽኑ እስካለ ድረስ ግን ያገለግላል።

5. ክብ ጠረጴዛውን ይጫኑ፣ በፒን ያስይዙ፣ ቡሎኖቹን በተቃራኒ ጥንድ እያደረጉ በቶርክ ሬንች ያጥብቁ። ከዚያ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገው ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለውን ልዩነት ይመዝግቡ። ዛሬ የተጻፈው ቁጥር ከዓመታት በኋላ የሚለካው ነገር ማነጻጸሪያ ነው።

6. የሞተሩን ፍሬን ለቀው የግቤት ዘንጉን በእጅ፣ ቢያንስ ጠረጴዛው አንድ ሙሉ ዙር እስኪያደርግ ያዙሩ። የሚገጭ መያዣ፣ የሚጎተት የአየር ቱቦ ወይም ሽቦ መገኘት ያለበት በዚህ ጊዜ ነው።

ጭነቱንና ፍጥነቱን ማስላት

በብዙ ፋብሪካዎች ማሽኑ በአንድ ጭነት ተገዝቶ በሌላ ይሠራል። መያዣዎቹ ይከብዳሉ፣ ፍጥነቱ ይጨመራል፣ ማንም እንደገና አያሰላም። ስሌቱ ግን ከባድ አይደለም።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ራዲየሱ 0.4 ሜትር የሆነ ድፍን ክብ ጠረጴዛ እንውሰድ። ኢነርሺያው (ፍጥነቱ እንዳይለወጥ የሚያሳየው እምቢታ) የክብደቱና የራዲየሱ ስኩዌር ብዜት ግማሽ ነው፦ 4.8 ኪሎ ግራም ሜትር ስኩዌር። በላዩ ከመሃሉ 0.35 ሜትር ርቀው 8 መያዣዎች፣ እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ግራም፣ ተቀምጠዋል፤ እነዚህ 2.94 ይጨምራሉ። ድምሩ 7.74 ነው። መያዣዎቹ በክብደት ከጠረጴዛው ግማሽ እንኳ አይሞሉም፤ ከመሃል ስለራቁ ግን በኢነርሺያ ከግማሹ በላይ ናቸው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ሲፈለግ ከጠርዙ መጀመር ይበጃል።

ጠረጴዛው በ8 ጣቢያ፣ ማለትም በየእርምጃው 45 ዲግሪ፣ በ0.67 ሰከንድ ይሄዳል እንበል። የተሻሻለ ሳይን በሚባለው የእንቅስቃሴ ኩርባ ለተቀረጸ ካም ከፍተኛውን የፍጥነት ጭማሪ ለማግኘት ጠረጴዛው በአንድ እርምጃ የሚዞረው አንግል በራዲያን ተወስዶ በ5.53 ይባዛል፣ ለእርምጃው ጊዜ ስኩዌር ይካፈላል። እዚህ ላይ በሰከንድ ስኩዌር 9.8 ራዲያን ገደማ ይመጣል። ይህ በኢነርሺያው ሲባዛ የሚያስፈልገው የማዞሪያ ኃይል 76 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የግቤት ዘንጉ ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ዙር ቢያድግ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ የሚያስፈልገው ኃይል ግን አራት እጥፍ፣ ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል።

የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ይህን አትናገርም። የምርት ኃላፊ ፍጥነት በአንድ አምስተኛ ይጨመር ሲል፣ ካሙ ላይ የሚያርፈው የኢነርሺያ ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል። ውሳኔው የኃላፊው ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ማሳየት ግን የጥገና ባለሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማስነሣትና ማቆም

ደንቡ አጭር ነው፦ በዕረፍት ላይ ያስነሡ፣ በዕረፍት ላይ ያቁሙ። በዕረፍት ጊዜ ሞተሩ ያለ ጠረጴዛው ጭነት ፍጥነቱን ይይዛል፤ ከዚያ ካሙ ለስላሳውን ኩርባ ተከትሎ ጠረጴዛውን ያንቀሳቅሳል። በእርምጃ መሃል ከተነሣ ግን ጠረጴዛው የሚከተለው የካሙን ኩርባ ብቻ ሳይሆን የሞተሩን አነሣስ ጭምር ነው። ድንገት የሚነሣ ሞተር በዚያ ቦታ ላይ ሮለሮቹን ይመታል። በእርምጃ መሃል በፍሬን መቆም ከዚህ የባሰ ነው፤ ጠረጴዛው ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ሳለ ጉልበቱ በሙሉ በጥቂት ሮለሮች ላይ ያርፋል።

ካሙ ለመቆም ጊዜ ስለሚወስድ የማቆሚያው ትዕዛዝ ቀድሞ መሰጠት አለበት። በደቂቃ 30 ዙር የሚሄድ ዘንግ በሰከንድ 180 ዲግሪ ይጓዛል። ከትዕዛዙ እስከ መቆሙ 0.2 ሰከንድ ቢወስድ እስከ 36 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በ60 ዙር እስከ 72 ዲግሪ። ፍጥነት ሲቀየር የካሙን ቦታ የሚያየው ሴንሰር የሚነበብበት ቦታም አብሮ መስተካከል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። አስተካክለው ሲጨርሱ ዘንጉ ላይ ያደረጉት ምልክት በየማቆሚያው የዕረፍቱ መሃል አካባቢ ማረፍ አለበት። ሳምንታት አልፈው ምልክቱ እያለፈ የሚቆም ከሆነ ፍሬኑ እያለቀ ነው።

ጠረጴዛው ዐርፏል የሚለው ሲግናልም ከዕረፍቱ አንግል ጠበብ ብሎ፣ በሁለቱም ጫፍ መጠባበቂያ ተትቶለት ይሠራ። ወደ ታች የሚወርዱ መሣሪያዎች ሁሉ ሲግናሉ ሳይኖር እንዳይወርዱ፣ ወደ ላይ መመለሳቸው ሳይረጋገጥ ደግሞ ሞተሩ ወደ እርምጃ እንዳይገባ በፒ.ኤል.ሲ. (ማሽኑን በፕሮግራም በሚያዝዘው መቆጣጠሪያ) ይታሰሩ።

የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ለአደጋ ብቻ ነው። ለምሳ ሲወጡ፣ ምርት ሲቀይሩ፣ መያዣ ሲያጸዱ በእሱ ማቆም ማሽኑን በዘፈቀደ አንግል ላይ ማቆም ነው፤ በዑደት መጨረሻ የሚያቆም የተለየ ቁልፍ ይኑር። ከባድ ጠረጴዛ ላለው ማሽን፣ የአደጋ ትንተናው ከፈቀደ፣ በኤሌክትሪክ የማሽን ደኅንነት ደረጃ ምድብ 1 የተባለው፣ ማለትም ፍጥነቱ በቁጥጥር ቀንሶ ከቆመ በኋላ ኃይል የሚቋረጥበት አቋቋም ይመረጣል። ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ግን ስለ ሮለር ማሰብ አይገባም፤ ቁልፉ ይመታ፣ ማሽኑ በኋላ ይመረመራል።

በእርምጃ መሃል ከቆመ እንዲህ ያድርጉ፦ ምክንያቱን ያስወግዱ፤ በእጅ ማዞሪያ፣ ከሌለም በኢንቨርተሩ በዝቅተኛ ፍጥነትና ለስላሳ አነሣስ ካሙን ወደ ዕረፍት ይውሰዱ፤ ከዚያ ብቻ መደበኛውን ሥራ ይጀምሩ። ቁልፉን እየተጫኑ እየለቀቁ ጠረጴዛውን በቁርጥራጭ እንቅስቃሴ መንዳት ልማድ ሆኖ ባየሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሮለር የሚያልቀው ቶሎ ነው።

ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲለቅቀው

በብዙ ማሽኖች በሳጥኑና በጠረጴዛው መካከል ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ የሚለቅቅ ፍሪሲዮን አለ። አንድ ነገር ጠረጴዛውን ሲያግደው ይለቅቃል፣ ሴንሰሩም ሞተሩን ወዲያው ያቆማል። ይህ ሴንሰር በየጊዜው ካልተፈተሸ፣ ለቅቆም ሞተሩ እየዞረ ፍሪሲዮኑን ይፈጨዋል።

ለመመለስ ኃይሉን ይቆልፉ፣ እንቅፋቱን ያውጡ፣ የተጣመመ መያዣ ካለ ይፈትሹ። ከዚያ ካሙን ወደ ዕረፍት አምጥተው ጠረጴዛውን እስኪገጥም በእጅ ያዙሩ። አብዛኞቹ በአንድ ቦታ ብቻ የሚገጥሙ ስለሆኑ ጠረጴዛው የቀድሞ አቅጣጫውን አይስትም፤ ያለ ቦታው በመዶሻ ለማስገባት መሞከር ፍሪሲዮኑን ያበላሻል።

በተደጋጋሚ ሲለቅቅ ማጥበቅ ይቀናል። አይጥበቅ። የሚለቅቅበት ልክ ከሥራው ከፍተኛ ኃይል በላይ፣ ማሽኑ ከሚችለው በታች ተደርጎ ይወሰናል። ይህ ልክ በስሌት ትክክል ከሆነና አሁንም ከለቀቀ፣ ፍጥነት ተጨምሯል፣ ጭነት ከብዷል፣ ወይም የሚጋጭ ነገር አለ። ተጠብቆ ዝም ያለ ፍሪሲዮን ጉዳቱን ወደ ካሙ ያስተላልፈዋል፤ ካም ደግሞ በመጋዘን የሚቀመጥ መለዋወጫ አይደለም።

የጥገናው ሥራ

መከለያ ከመከፈቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ይጥፋ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው በራሱ ቁልፍ ይቆልፈው፣ ምልክት ያንጠልጥል፤ የታመቀው አየር ይልቀቅ፤ ከዚያ የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሣቱ ይረጋገጥ። ጠረጴዛው ቆሞ፣ ዘንጉ ወደ ጎን ተጋድሞ የተገጠመ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ፦ ከአንድ ወገን ብቻ መያዣዎች ከተፈቱ ሚዛኑ ያጋድላል፤ ፍሪሲዮኑ ወይም ማያያዣው ሲፈታ ጠረጴዛው በራሱ ክብደት ይዞራል። አስቀድሞ ይደገፍ።

ዘይትን በተመለከተ፣ ዓይነቱ በሳጥኑ ላይ ከተለጠፈው ሠሌዳ ይወሰድ። ፖሊግላይኮል የተባለው ሰው ሠራሽ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር አይቀላቀልም። መቀነሻው የነሐስ ጥርስ ካለው፣ ለከባድ ጫና ተብለው ድኝ ከተጨመረባቸው ዘይቶች አንዳንዶቹ ነሐሱን ስለሚበሉት ያለ ማረጋገጫ አይሞላ። የመጀመሪያው ለውጥ ከቀጣዮቹ ቀድሞ ይመጣል፤ አዲስ ክፍሎች ሲለማመዱ የሚለቅቁት ብናኝ መውጣት አለበት። ማሽኑ ሠርቶ ዘይቱ ለብ ሲል ያፍስሱት፤ ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ከታች ጥሎት ይወጣል። የፈሰሰውን ሳይመለከቱ አይጣሉ። ከመቀነሻው የወጣ ቢጫ ብልጭታ የነሐስ ጥርሱን ማለቅ ያሳያል። በማግኔቱ ቡሽ ላይ የተያዘ ለስላሳ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚዳሰስ ቅርፊት ግን ሮለር ወይም ካም እየተላጠ ነው ማለት ነው። ነጣ ያለ፣ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል፤ በውሃ በሚታጠቡ ማሽኖች ላይ የተለመደ ስለሆነ መተንፈሻውን ይመልከቱ።

በየዕለቱ የዘይቱን ልክ ማየት፣ የሳጥኑን ሙቀት መለካት፣ ሲላሉ እንዲታወቅ በቡሎኖቹ ላይ የተሰመረው ቀለም አለመሰበሩን ማረጋገጥ ይበቃል።

ልቅነትን መለካት ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ነው። ካሙን በዕረፍቱ መሃል ያስቀምጡ። የዳያል ጌጁን ማግኔት የማሽኑ አካል ላይ፣ ጫፉን ከመሃሉ በሚታወቅ ርቀት በጠረጴዛው የጎን ገጽ ላይ ያሳርፉ። ጠረጴዛውን ወደ አንዱ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይግፉ፣ ይልቀቁ፣ ያንብቡ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። ኃይሉ ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን የምንጭ ሚዛን ይጠቀሙ፤ ረጅም ብረት አስገብቶ መጎተት የሚለካው ልቅነትን ሳይሆን የብረቱን መተጣጠፍ ነው። በእያንዳንዱ ጣቢያ ይድገሙት።

ንባቡን ከመመሪያው ጋር ለማነጻጸር ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ዲግሪ 3600 የአንግል ሰከንድ ነው፤ 30 ሰከንድ ከመሃሉ 400 ሚሊሜትር ርቀት ላይ 0.058 ሚሊሜትር ይሆናል። ልቅነቱ በሁሉም ጣቢያ እኩል ጨምሮ ከሆነ ጌጁን ከጠረጴዛው አንሥተው በውጤቱ ዘንግ ፊት ላይ ያድርጉት። ዘንጉ ጥብቅ፣ ጠረጴዛው ልቅ ከሆነ ችግሩ በቡሎኖቹ፣ በፒኖቹ ወይም በፍሪሲዮኑ ነው፤ ሳጥኑን መክፈት አያስፈልግም። በጥቂት ጣቢያዎች ላይ ብቻ የጨመረ ከሆነ ሮለር ይጠረጠራል።

ድምፁ የሚመጣው ከየትኛው አንግል ነው?

ማሽኑ ያንኳኳል የሚል ሪፖርት ብቻውን አይጠቅምም። መቼ ነው የሚያንኳኳው? ማሽኑን ቀስ አድርገው፣ ከመከለያው ውጭ ቆመው፣ በዘንጉ ላይ ያለውን ምልክት እያዩ ያዳምጡ። ቀስ ሲል ድምፁ ከጠፋ በሥራው ፍጥነት በስልክ ቪዲዮ ቀርጸው አዘግይተው ይመልከቱት።

በእርምጃው መሃል የሚሰማ ምት የኃይሉ አቅጣጫ ከሚገለበጥበት ነጥብ ጋር ይገጥማል። መነሻው ብዙ ጊዜ በግቤቱ ወገን ነው፦ የላላ ሰንሰለት፣ ያረጀ የመቀነሻ ጥርስ፣ በቦዩ ውስጥ የሚጫወት የዘንግ ቁልፍ፣ የተበላ ማያያዣ። እነዚህን ሳያዩ ሳጥኑን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ጠረጴዛው ሲደርስ፣ በእርምጃው መጨረሻ፣ የሚሰማ ምትና መንቀጥቀጥ ካለ ደግሞ የውጤቱን ወገን ይመልከቱ፦ የጠረጴዛው ቡሎኖች፣ ፍሪሲዮኑ፣ ያረጁ ሮለሮች። አንዳንዴ ከመያዣዎቹ አንዱ ብቻ ላልቶ ጠረጴዛው ሲቆም እሱ ይርገበገባል፤ በእጅ እየነካኩ ማረጋገጥ ይቻላል፣ ማሽኑ ተቆልፎ።

ድምፁ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ሁልጊዜ በአንድ አንግል ላይ የሚሰማ ከሆነና ከላይ ያሉት ሁሉ ጥብቅ ከሆኑ የካሙ መንገድ ላይ ጉዳት አለ። በጠረጴዛው አንድ ሙሉ ዙር ውስጥ በተወሰኑ ጣቢያዎች ላይ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ ግን አንድ ሮለር ተበላሽቷል፤ ሮለሮቹ ከጠረጴዛው ጋር ስለሚዞሩ ተራው ሲደርስ ብቻ ይናገራል። ጣቢያዎቹን ቁጥር ይስጧቸውና ድምፁ የሚመጣበትን ይጻፉ። ሮለር መቀየር የሚቻለው የማሽኑ ዓይነት ሲፈቅድና የቅድመ ጥብቀቱ (ሮለሮቹ ካሙ ላይ ያለ ክፍተት እንዲጫኑ የሚደረገው መጥበቅ) አስተካከል በእጅዎ ካለ ነው። የካሙንና የሮለሮቹን ርቀት በስሜት ማስተካከል ግን አልመክርም፤ ከልክ በላይ የተጠበቀ ሮለር ይሞቃል፣ ዘይቱን ያቃጥላል፣ ቶሎም ይላጣል። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ ሳጥኑን ለሠሪው ወይም መለኪያው ላለው ወርክሾፕ መላክ ይሻላል።

ለረጅም ጊዜ ሲቆም

ከመስመር የወጣ ወይም በመለዋወጫነት የተቀመጠ ኢንዴክሰር ከዘይቱ በላይ ባለው ገጽ ላይ ይዝጋል፣ በተለይም አየሩ በሚሞቅና በሚቀዘቅዝ ቤት። ሳጥኑን እስከ አፉ ድረስ በዚያው ዓይነት ዘይት ይሙሉ፣ መተንፈሻውን በድፍን ቡሽ ይተኩ፣ ያልተቀቡትን ገጾች ግራሶ ይቀቡ። በየወሩ የግቤት ዘንጉን በእጅ በማዞር ጠረጴዛው ሙሉ ዙር እንዲሄድ ያድርጉና በዕረፍቱ መሃል ይተዉት። ሙሉ ዘይት እንዳለው በግልጽ ተጽፎ ይንጠልጠልበት። ወደ ሥራ ሲመለስ ዘይቱ ወደ መደበኛው ልክ ካልቀነሰና መተንፈሻው ካልተመለሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይሞቅና በመከላከያ ጎማዎቹ በኩል ያፈስሳል።